42 የሚለው ቁጥር የቱቦው ነው ወይስ የሳንባው?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ «ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ ለሲስተር። በሰሜን ሸዋ ካሉ ሆስፒታሎች በአንዱ፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ነርስ ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆነኝ። ከዚያ በፊት ማዋለጃ ስለነበርኩ ቬንቲሌተር (የመተንፈሻ ማሽን) በቅርብ ያየሁት እዚህ ነው። ሌሊት ተረኛ ስሆን ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ የፕሬዠር አላርሙ ነው። ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ 42፣ 45 እያለ ሲጮህ አንዱ ባልደረባዬ ‹ሊሚቱን ከፍ አድርጊው› ይለኛል፤ ሌላዋ ‹ሳክሽን አድርጊለት› (አክታውን ምጠጪለት ማለቷ ነው)፤ ሌላው ‹ማስተኛውን ጨምሪ›። ጠዋት ሐኪሙ ይመጣና ‹ፕላቶው ስንት ነበር?› ይለኛል። እሱን ቁጥር ስክሪኑ ላይ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት። ስክሪኑ ላይ ከሚታየው ከፒኩ የሚለየው በምንድን ነው? እኔስ ልለካው እችላለሁ ወይስ የሐኪም ሥራ ነው? 42 ሲደርስስ ሳንባው ይፈነዳል? እባክዎ ያስረዱኝ።»

መልስ፦ እኅቴ፣ ደብዳቤሽን ያነበብኩት እዚሁ ደብረ ብርሃን ከሌሊት ተራ ወጥቼ ነው፤ የምትዪው አላርም ጆሮዬ ውስጥ ገና አልጠፋም ነበር። ፕላቶውን አንቺው መለካት ትችያለሽ። ክፍላችሁ የራሱ መመሪያ ካለው እሱን ተከተዪ እንጂ፣ ሥራው ራሱ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ማየት ነው። ስክሪኑ ላይ ያጣሽውም አፈላለግሽ ስላልሆነልሽ አይደለም። በአብዛኞቹ ማሽኖች ፒኩ በየትንፋሹ ራሱ ይጻፋል፤ ፕላቶው ግን ሰው ካልለካው የለም።

ልዩነቱን ከመጽሐፍ በፊት የተማርኩት ልጅ ሆኜ መንዝ ነው። መንዝ የበግ አገር ነው። ለበዓል በግ በታረደ ቁጥር ወንድሞቼ ሳንባውን ከነጉሮሮው ይቀበሉና ቀሰም ሰክተው ይነፉት ነበር። ተራው ሲደርሰኝ የመጀመሪያው ትንፋሽ ጉንጭ ያሳምማል፤ የተኮማተረው ሥጋ አይበገርም። ከዚያ ድንገት ይለቅልሽና እየነጣ፣ እያበጠ ይመጣል። አንድ ፋሲካ ላይ ግን ዓይኔ እስኪፈጥ ብነፋ ሳንባው ንቅንቅ አልል አለ። ታላቅ ወንድሜ ቀሰሟን ነቅሎ ወደ ብርሃን አየባት፤ ውስጧ ደም ረግቶባታል። ሌላ ቀሰም ሰጠኝና ነፋሁት፤ ወዲያው ተነፋ። ሳንባው ምንም አልሆነም ነበር። ጉንጬን ያሳመመኝ ግፊት በሙሉ ቀሰሟ ላይ ነበር ያለቀው፤ ሳንባው ጋ አልደረሰም።

ማሽኑም እንደዚያን ዕለቱ ጉንጬ ነው። አየር በሚገፋበት ጊዜ ሁለት ወጪ ያወጣል፤ አንዱ አየሩን በቱቦውና በአየር መንገዱ ውስጥ ለማስሮጥ፣ ሌላው ሳንባውንና ደረቱን ለመለጠጥ። ፒክ ፕሬዠር የሁለቱ ድምር ነው። አየሩ ከገባ በኋላ መውጫውን ለአፍታ ብትዘጊበት ግን የሚሮጥ አየር አይኖርም፤ የሚሮጥ ከሌለ ቱቦው የሚያስከፍለው የለም። ያኔ የሚቀረው ሳንባውና ደረቱ መልሰው የሚገፉት ግፊት ብቻ ነው። ፕላቶ የምንለው እሱን ነው። ሁለቱንም የምንለካው በሴንቲ ሜትር ውሃ ነው፤ 42 ማለት ውሃን በቀጭን ቱቦ ውስጥ አንድ ክንድ ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ወደ ላይ የሚያቆም ግፊት ነው።

አሁን አለካኩን። በሽተኛው ከማሽኑ ጋር የማይታገል፣ በራሱ የማይስብና የማይገፋ መሆን አለበት። ማሽኑ በመጠን የሚነዳ ሞድ ላይ ይሁን፤ ፍሰቱም ቋሚ ቢሆን ይመረጣል። «ኢንስፓይራቶሪ ሆልድ» ወይም «ኢንስፕ ፖዝ» የሚለውን ቁልፍ ያዢ። ዓይንሽን ከቁጥሩ ላይ አንሺና የግፊቱን መስመር እዪ። ሽቅብ ይወጣል፣ ጫፍ ይነካል፣ ከዚያ ቁልቁል ወርዶ እንደ ሜዳ ዝርግ ይላል። ግማሽ ሰከንድ ያህል ዝርግ ካለ በኋላ አንብቢው፤ ከሁለት ሰከንድ በላይ አትያዢው። መስመሩ ሜዳ መሆኑ ቀርቶ ቀስ በቀስ እየተንሸራተተ ከወረደ አየር የሚያፈስ ቦታ አለ፤ ብዙ ጊዜ ካፉ፣ ማለትም ቱቦውን ጉሮሮ ውስጥ የሚያሽገው ፊኛ ነው። መስመሩ ከተንቀጠቀጠ ወይም መሐሉ ላይ ከጎደጎደ በሽተኛው ራሱ እየተነፈሰ ነውና ያንን ቁጥር አትመዝግቢው። ያልተለካ ፕላቶ ያልተለካ መሆኑ ይታወቃል፤ የተሳሳተ ፕላቶ ግን ጠዋት ሐኪሙን ያሳስታል።

አሁን ወደ 42ሽ እንመለስ። ለካሽና ፕላቶው 20 ሆነ እንበል። መካከላቸው ያለው ልዩነት 22 ነው። ፍሰቱ በደቂቃ 60 ሊትር ሲሆንና መንገዱ ክፍት ሲሆን ይህ ልዩነት ብዙውን ጊዜ ከ10 አይበልጥም። ስለዚህ ሳንባው ደህና ነው፤ መንገዱ ጠቧል። የወንድሜን ዓይን ይዘሽ ከማሽኑ ጀምረሽ ወደ በሽተኛው ተከተዪው፦ ቱቦው ታጥፏል? ውሃ ተኝቶበታል? ፊልተሩ ርሶ ከብዷል? በሽተኛው ቱቦውን ነክሶታል? የሳክሽኑ ካቴተር እስከ ታች ያልፋል ወይስ መሐል ላይ ይያዛል? ደረቱ ሲር ሲር ይላል? እዚህ ላይ ነው ሳክሽንም የአስም መድኃኒትም የሚሠሩት።

ፕላቶው 37 ቢሆንስ? ልዩነቱ 5 ብቻ ነው፤ መንገዱ ክፍት ነው፤ ያልተበገረው ሳንባው ወይም ዙሪያው ነው። ቱቦው ጠልቆ ወደ ቀኝ ሳንባ ብቻ ገብቶ ይሆናል፤ ጥርሱ ጋ ያለውን ምልክት ከትናንትናው ጋር አስተያዪ። ሳንባው ውሃ ቋጥሯል፣ የሳንባ ምች ወይም ኤአርዲኤስ (ሳንባው በሙሉ በድንገት ተቆጥቶ የሚደነድንበት ከባድ ሕመም) አለበት፣ ሆዱ ተነፍቷል፣ ወይም ከሳንባው ውጭ ደረቱ ውስጥ አየር ገብቶ እየጨመቀው ነው። የመጨረሻው ጊዜ አይሰጥም፤ አንደኛው ጎን ትንፋሽ ካጣና የደም ግፊቱ ከወረደ ራጅ አይጠበቅለትም፤ ሐኪም በሩጫ ጥሪ። ይህን በሽተኛ ደጋግመሽ ሳክሽን ብታደርጊው ታደክሚዋለሽ እንጂ አትረጂውም።

«ሊሚቱን ከፍ አድርጊው» ስለሚሉሽ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እኔም አድርጌዋለሁ። ዓመታት አልፈዋል፣ ቦታውንም አልጠቅስም። ከቀዶ ሕክምና የወጣ ጎልማሳ ነበር። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ማሽኑ በ40 ይጮሃል፤ ሌላ አልጋ ላይ ደግሞ የባሰ ሰው ይዣለሁ። ሊሚቱን ወደ 60 ወሰድኩት፤ ዝም አለልኝ። ተመልሼ ሳየው ፒኩ 58 ደርሷል፤ የደሙ ኦክስጅን ወደ 70ዎቹ በመቶ ወርዷል፤ የሳክሽን ካቴተሩ ቱቦው መሐል ላይ ተይዞ አላልፍ አለ። አንስቴቲስቱ ደርሶ ቱቦውን ሲቀይርለት የወጣው ቱቦ ጫፉ ላይ የደረቀ አክታ እንደ ጧፍ ሰም ተጋግሮበት፣ የክብሪት እንጨት የምታሳልፍ ቀዳዳ ብቻ ቀርታ ነበር። ሰውየው ተረፈ። ያንን ቱቦ በጓንት ይዤ የቆምኩበት ቦታ ግን እስከ ዛሬ ይታየኛል። ከነከሰኝ ነገር አንዱ ደግሞ ይሄ ነው፦ ማሽኑ ሊሚቱን ሲነካ መጮህ ብቻ ሳይሆን ትንፋሹን እዚያው ይቆርጠዋል። ስለዚህ በሚጮህበት ጊዜ በሽተኛው የታዘዘለትን አየር እያገኘ አይደለም። ሊሚቱን አስቦበት ከፍ የሚያደርግ ሐኪም ይኖራል፤ ፕላቶውን አይቶ፣ ምክንያቱን አውቆ፣ ጽፎ። ሳይለኩ ከፍ ማድረግ ግን የእኔን ሌሊት መድገም ነው።

በሽተኛው ዓይንሽ እያየ እየወረደ ከሆነ ደግሞ ልኬቱን ተዪው። ከማሽኑ ነቅለሽ በአምቡ ባግ (በእጅ በሚጨመቀው የመተንፈሻ ከረጢት) በመቶ ፐርሰንት ኦክስጅን በእጅሽ ስጪው። ባጉ በቀላሉ ከተጨመቀና ደረቱ ከተነሣ ጥፋቱ የማሽኑ ወይም የቱቦዎቹ ነው። ባጉ እጅሽን ከገፋው ጥፋቱ ከመተንፈሻ ቱቦው ወደ ታች ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ኮፐንሃገን ላይ ፖሊዮ ሲገባ የሕክምና ተማሪዎች በፈረቃ ተቀምጠው ለሳምንታት በእጃቸው ባግ እየጨመቁ ሰው አትርፈዋል፤ የዛሬው የጽኑ ሕሙማን ክፍልም ከዚያ ነው የተወለደው። እጅ የሚሰማው ነገር አለ።

ሳንባው ይፈነዳል ወይ ላልሽው፣ 42 ፒክ ሆኖ ፕላቶው 20 ከሆነ ሳንባው የሚያውቀው 20ን ነው። ፕላቶው ከ30 በላይ ከዋለ ግን እንደ ፊኛ በአንድ ጊዜ ባይፈነዳም በየትንፋሹ እየተለጠጠ ይቆስላል። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ በ861 የኤአርዲኤስ በሽተኞች ላይ የተሠራ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። ለአንድ ኪሎ 12 ሚሊ ሊትር አየር ከተሰጣቸው 39.8 በመቶ ሞቱ፤ 6 ሚሊ ሊትር ተሰጥቷቸው ፕላቶአቸው ከ30 እንዳያልፍ ከተጠበቁት ደግሞ 31 በመቶ። አዲስ መድኃኒት አልነበረም፤ አየር መቀነስ ብቻ ነው። ኪሎው ግን ሚዛን ላይ የወጣው አይደለም፣ ከቁመት የሚሰላው ነው፤ ሰው ሲወፍር ሳንባው አይወፍርምና። ለሴት 45.5፣ ለወንድ 50 ያዢና ቁመቷ ወይም ቁመቱ ከ152.4 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነውን በ0.91 አባዝተሽ ጨምሪበት። 160 ሴንቲ ሜትር የሆነች ሴት 52.4 ኪሎ ትሆናለች፤ በ6 ሲባዛ 314 ሚሊ ሊትር ነው። እኛ ጋ የተለመደውን 450 ወይም 500 ሞልቶ የመሄድ ነገር የምቃወመው ለዚህ ነው። ሜትርሽን ኪስሽ ውስጥ ያዢ፤ በሽተኛ ሲገባ ተኝቶም ቢሆን ከራስ ቅል እስከ ተረከዝ ለኪው።

ከፕላቶው ላይ ፒፑን (ትንፋሽ ወጥቶ ሲያልቅ ሳንባው ውስጥ እንዲቀር የሚሞላውን ግፊት) ስትቀንሺ የሚቀረው ድራይቪንግ ፕሬዠር ይባላል፤ ከ15 ባያልፍ ጥሩ ነው። ፕላቶ 23፣ ፒፕ 8 ከሆነ 15 ነው። ለሐኪሙ ጠዋት ሦስቱንም፣ ፒክ፣ ፕላቶ፣ ፒፕ፣ ከነሰዓታቸው ብትነግሪው «ሌሊቱን ሲጮህ አደረ» ከማለት እጅግ ይሻለዋል።

ሁለት ነገር ልጨምርልሽ። አንደኛው፣ ሞዱ በግፊት የሚነዳ ሲሆን ፒኩ የተሞላው ቁጥር ላይ ይቆማል፤ ቱቦው ቢዘጋም ከፍ አይልም። የሚወርደው የአየሩ መጠን ነው። ስለዚህ እዚያ የምትጠብቂው አላርም የታይዳል ቮልዩሙን (በአንድ ትንፋሽ የሚገባውን የአየር መጠን) ነው፤ ዝም ያለ ማሽን ደህና ነው ብለሽ እንዳትዘናጊ። ሁለተኛው አስም ያለበት ወይም ዕድሜ ልኳን ኩበት ስታነድ የኖረች እናት ጉዳይ ነው። ደጋው ላይ ሳንባቸው በጭስ የተጎዳ እናቶች ብዙ ናቸው። አየሩ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ሳይወጣ ሌላ ይጨመርበታል፣ ይጠራቀማል። የዚህ ቁጥር ስክሪኑ ላይ በራሱ አይጻፍም፤ «ኤክስፓይራቶሪ ሆልድ»ን (አየር ከወጣ በኋላ የሚያቆመውን ቁልፍ) ስትይዢ ነው የተሞላው ፒፕ 5 ሆኖ ሳለ 14 ብሎ የሚወጣው። በድንገት የደም ግፊቷ ከወረደ ከማሽኑ ለጥቂት ሰከንዶች ነቅለሽ ደረቷን አስተንፍሻት፤ ሐኪሙም የትንፋሹን ቁጥር ቀንሶ አየር ማስወጫ ጊዜ ይጨምርላታል።

የአገራችንን ብርድም አትርሺው። ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ሲወርድ፣ ከማሞቂያው ሞቆ የወጣው እርጥብ አየር በቀዝቃዛው ቱቦ ውስጥ ውሃ ሆኖ ይወርዳል። ደብረ ብርሃን ላይ ሌሊት ከሚጮሁ አላርሞች ስንቶቹ ይህ ውሃ ሆነው እንዳገኘኋቸው! ቱቦውን ከበሽተኛው ዝቅ አድርገሽ አሳልፊው፣ ማጠራቀሚያውን ደፊ፣ ውሃውን ግን ወደ በሽተኛው አታንሺበት። ከፍታውን በተመለከተ ብዙ ነርሶች ይጠይቁኛል፤ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆንን የፕላቶው 30 ይቀየራል ወይ ብለው። አይቀየርም። ማሽኑ ዜሮ የሚለው የክፍሉን አየር ነው፤ ከዚያ በላይ ያለውን ብቻ ነው የሚለካው። የሚቀየረው የኦክስጅኑ ሒሳብ ነው፤ እኛ ጋ ያለው የአየር ግፊት የባሕር ወለሉ ሰባ በመቶ ገደማ ነውና።

ግን ከፍታ የሚያታልልበት አንድ ቦታ አለ፤ አምቡላንስ ውስጥ። ከሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ተነሥተሽ፣ ደብረ ሲናን አልፈሽ፣ ጣርማ በርን ከ3,000 ሜትር በላይ ስትሻገሪ የውጭው ግፊት በአንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል። ካፉ ውስጥ ያለው አየር ያኔ ይለጠጣል፤ ታች ሳለሽ 25 የነበረው ካፍ ዳገቱ ላይ ጉሮሮውን መጭመቅ ይጀምራል። ቁልቁል ስትሄጂ ደግሞ ይላላና ያፈሳል። ከ20 እስከ 30 መሆኑን በመለኪያው እዪ፤ ከውጭ ያለችውን የካፉን ትንሽ ፊኛ በጣት ጨምቆ መገመት አያዋጣም። ደረቱ ውስጥ አየር ያለበትን ሰው ያለ የደረት ቱቦ ያንን ዳገት አታውጪው፤ ያ አየርም አብሮ ይለጠጣልና።

ጥያቄ፦ «ከአንኮበር ነው የምጽፈው። እናቴ በሳንባ ምች ምክንያት አምስት ቀን ማሽን ላይ ቆይታ እግዚአብሔር ይመስገን ወጥታለች። እዚያ ሳለን ነርሶቹ በየጊዜው ‹ግፊቷ ከፍ ብሏል› ይሉ ነበር። ከወጣች ጀምሮ ጨው ከልክለናታል፤ እሷም ምግብ አልበላም እያለች ነው። የግፊት መድኃኒት ግን አላዘዙላትም። ድምፅዋም ሻክሯል። ምን እናድርግ?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንኳን እናትዎ ለዚህ በቁ። ነርሶቹ ያሉት ምናልባት የደም ግፊታቸውን ሳይሆን የማሽኑን ነው፤ አየሩ ወደ ሳንባ የሚገባበትን ግፊት። በአማርኛ ሁለቱንም «ግፊት» ስለምንላቸው ቤተሰብ ይህን እንዲሳሳት ያደረግነው እኛ ነን፤ «የአየር ግፊት» ብለን መለየት ነበረብን። የማሽኑ ግፊት ከማሽኑ ጋር ቀርቷል፤ ከጨው ጋርም ግንኙነት የለውም። ለማረጋገጥ በአቅራቢያዎ ጤና ጣቢያ የደም ግፊታቸውን ያስለኩ። ደህና ከሆነና ሐኪም በሌላ ምክንያት ካልከለከላቸው ሽሯቸውን በጨው ይብሉ፤ አሁን የሚያስፈልጋቸው ምግብ ነው።

ድምፅ የሚሻክረው ቱቦው በድምፅ ጅማቶች መሐል ስላለፈ ነው፤ አብዛኛው ሰው ላይ በቀናት ወይም በሳምንታት ይሻላል። ማድቤቱ ጭስ የሚይዝ ከሆነ ለጊዜው ምድጃው አጠገብ አይቀመጡ። አንድ ነገር ግን ይጠብቁ፤ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሲስቡ እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ ካሰሙ ወይም ዳገት ሲወጡ ከበፊቱ ይልቅ ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ከሳምንታት በኋላም ቢሆን፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ሆስፒታል ይዘዋቸው ይምጡ። ቱቦው ያረፈበት የጉሮሮ ክፍል ጠቦ ሊሆን ይችላል። ለሚያያቸው ሐኪም አስም ነው ከማለቱ በፊት አምስት ቀን ቱቦ ገብቶላቸው እንደነበር ይንገሩት።